የባሕር ዳርቻ ወፎችን ፎቶ ለማንሳት ለምትወጡ

ውድ አባላት፣

ከካሜራው በፊት ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት እዩ። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ ወፎቹ በሰፊው ተበትነው ስለሚለቅሙ ከሌንስ ይርቃሉ። ሊሞላ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ግን ውኃው ራሱ እየገፋ ወደ ዳር ያመጣቸዋል። ቀድማችሁ ደርሳችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ ጠብቁ እንጂ አትከተሏቸው። ሙላቱ በአብዛኛው በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ስለሚዘገይ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። መመለሻችሁንም ውኃ እንዳይቆርጠው አስቡበት።

ለሚበር ወፍ የሻተር ፍጥነቱን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ከ1/2000 ሰከንድ አታዘግዩ፤ ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) ጨምሩ። ነጠብጣብ የበዛበት ምስል ከደበዘዘው ይሻላል። ነጭ ወፍ በጠቆረ ውኃ ላይ ሲሆን ካሜራው በጥቁሩ ተታልሎ ምስሉን ከመጠን በላይ ያበራዋል፣ የላባውም ዝርዝር ይጠፋል፤ ኤክስፖዠሩን (ምስሉ የሚያገኘውን ብርሃን) እስከ 1 ስቶፕ፣ ማለትም እስከ ግማሽ፣ ቀንሱ።

ትልቁ ጠላት ጨው ነው። ሌንስ ላይ የደረቀ ጨው በደረቅ ጨርቅ ሲፈተግ ሽፋኑን ይጭረዋል። መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ አሟሙታችሁ አንሱት፣ ከዚያ አድርቁ። የትራይፖዱን (የባለ ሦስት እግር ካሜራ ማቆሚያውን) እግሮች እስከ መጨረሻው ዘርግታችሁ ጨው በሌለው ውኃ እጠቡ፤ መቆለፊያው ውስጥ የቀረ አሸዋ ጥርሱን ይበላዋል። ነፋስ ላይ ሌንስ አትቀይሩ።

ጎጆ አጠገብ ፈጽሞ አትቁሙ። ወላጇ ከተነሳች እንቁላሉ ለፀሐይና ለአዳኝ ይጋለጣል፤ የብዙዎቹ እንቁላል አሸዋ ስለሚመስል እግር ሥር ሆኖ እንኳ አይታይም። ወፏ መልቀም አቁማ አንገቷን ቀና ካደረገች ከሚገባው በላይ ቀርባችኋልና ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ።