የ12 ሰዓቱ ጨዋታ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሹ ሁለት የፊት ጥርሱ ወልቆ «አርሰናል» ማለት አቅቶታል።

ባለፈው «ለንደን ተቀምጠሽ የቅዳሜውን ጨዋታ አላየሁም ትያለሽ? ዋሾ!» ብለው ስልኩን ዘጉት። አልዋሸሁም። እዚህ አገር ቅዳሜ ከቀኑ 8:45 እስከ 11:15 ኳስ በቀጥታ ማሳየት ክልክል ነው። እርስዎ ሶፋዎ ላይ ሆነው የሚያዩትን፣ በዚህ አገር ሰዓት በ9፣ እርስዎ ጋ በ11 የሚጀምረውን ጨዋታ እኔ ስታዲየሙ አጠገብ ብኖርም በቴሌቪዥን አላገኘውም።

ነገሩ የድሮ ፍርሃት ነው። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) በ1937 ቢቢሲ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ሲያሳይ የገጠሙት አርሰናልና የራሱ ተጠባባቂዎች ነበሩ። በ1960 አይቲቪ የተባለው ጣቢያ ብላክፑልና ቦልተንን አሳየ፤ ቦልተን 1 ለ 0 ረታ፣ ትልልቆቹ ክለቦች ግን እምቢ አሉና ውሉ ፈረሰ። የበርንሌዩ ሊቀመንበር ቦብ ሎርድ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ቤት ድረስ ከመጣ የትንንሾቹን ክለቦች ትኬት የሚገዛ ይጠፋል ብለው ባልደረቦቻቸውን አሳመኑ። የቢቢሲን ካሜራ ከሜዳቸው እስከማገድም ደርሰዋል።

የሚያስቀው፣ በ1964 «ማች ኦፍ ዘ ዴይ» የተባለው የኳስ ቅንጭብ ማሳያ ፕሮግራም ሲጀመር ሊቨርፑል አርሰናልን 3 ለ 2 ያሸነፈበትን ቅንጭብ በቢቢሲ 2 ያየው 20,000 ሰው ያህል ነው። አንፊልድ ገብቶ ያየው ከ47,000 በላይ! ጣቢያው ያኔ ከለንደን አካባቢ አያልፍም፤ ለዚያውም በ625 መስመር የሚሠራ አዲስ ቴሌቪዥንና ሌላ አንቴና ይፈልጋል። የድሮው ባለ 405 መስመር ሣጥን አይቀበለውም። የፈሩት ይህንን ነው።

በ1992 የሳተላይት ጣቢያው ስካይ ከቢቢሲ ጋር የፕሪሚየር ሊጉን ጨዋታ ለአምስት ዓመት ለማሳየት 304 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ሲገባ እንኳ ክልከላው አልተነካም፤ ጨዋታው ነው የተገፋው። የቅዳሜ የ6:30ው 8:45 ሳይደርስ ያልቃል፤ የ11:30ው ክልከላው ካለፈ ወዲያ ይጀምራል። በ2025 በጀመረው ውል ስካይ ቢያንስ 215፣ ሌላው ጣቢያ ቲኤንቲ 52 ጨዋታ ያሳያሉ። የዓመቱ ጨዋታ 380 ነው። ልዩነቱን እርስዎ ይቁጠሩት።

«ዲኮደሬን ልላክልሽ» ያሉትም አያዋጣም። የፖርትስመዝ መጠጥ ቤት ባለቤት በግሪክ ዲኮደር አሳየሽ ተብላ ተከሳ፣ ጉዳዩ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ ነው በ2011 ውሳኔ ያገኘው። የእሷስ የአውሮፓ ካርድ ነበር።

አሁን ልብ ይበሉ። በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ እዚህ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል። እርስዎ ጋ 11 ሰዓት ይጀምር የነበረው ጨዋታ እስከ ማርች መጨረሻ 12 ሰዓት ይሆናል። 12 ሰዓት የኪኒንዎ ሰዓት ነው። አምና ኪኒኑ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር የከረመው በዚሁ ሰሞን መሆኑን እህቴ ነግራኛለች። ተጫዋቾቹ ተሰልፈው ሲወጡ ይዋጡት፣ ዳኛው ሳይነፋ። ለእረፍት አያቆዩት።

«ዋሾ» ያሉኝ ግን አልወጣልኝም። ሐኪም ቤት ሦስት ሌሊት አድረው «ለቅሶ ቤት ነኝ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የልብ ምርመራው ወረቀት ምን እንደሚል እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኩም።

ሰዓቱ ከተቀየረ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ ቅዳሜ ልክ በ12 እደውላለሁ። እኔ ስለማላይ ጨዋታውን እርስዎ ያስተላልፉልኛል። መነጽርዎን አጠገብዎ ያድርጉ። እረፍቱ 15 ደቂቃ ነው፤ ያኔ ወረቀቱን ያንብቡልኝ።

ልጅዎ