ፈቃዱ ከየት ነው የሚወጣው?

ለአዘጋጁ፣

ልጄ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ባለፈው ወር ከጓደኞቿ ጋር ስለ ካፌው ምግብ ቅሬታ ጽፈው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉ። አንብቤዋለሁ፤ ስድብ የለበትም። በማግስቱ ተነሳ። «ፈቃድ የላችሁም» ተባሉ። ፈቃዱ ከየት እንደሚወጣ ሲጠይቁ ግን ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ። የተጻፈ ደንብ ያሳያቸው ሰው የለም።

ያናደደኝ ይሄ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን ያለ ጣልቃ ገብነት የመግለጽ መብት ይሰጣል። ገደብ የሚጣለውም በሕግ ብቻ ነው ይላል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም የአካዳሚክ ነፃነትን ይደነግጋል። ግጭት እንዳይነሳ መስጋት ይገባኛል። የብሔር ጥላቻ ግቢዎቻችንን ምን እንዳደረጋቸው አይተናል። ወጡ ቀጠነ ያለችን ልጅ ግን ከዚያ ጋር ምን አገናኛት?

እዚህ ጎንደር የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ያቀርባል። ይታረማል እንጂ አፍህን ዝጋ አይባልም።

ደንቡ ተጽፎ ይለጠፍ። ማን እንደሚፈቅድ፣ በስንት ቀን፣ ሲከለከሉም ለማን አቤት እንደሚሉ ተማሪዎቹ ይወቁ። ልጄ አሁን መጻፍ ትታለች።

አንድ ወላጅ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር