ክረምቱ ሳይገባ ኮርኒሱን እንሥራ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ላይ የዘንድሮው የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ጣለ። የጣናን ነጎድጓድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከሐይቁ በኩል ሲመጣ መስኮቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በረዶው ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። እዚህ ያደግን ሰዎች ብርድ ልብሳችንን ሳብ አድርገን እንተኛለን። እንዲያውም እንቅልፍ የሚጥመን ያኔ ነው።

ሽምብጥ ባለው ማረፊያ ቤታችን ግን ያን ሌሊት የተኛ ሰው አልነበረም። ከቤይሩት የተመለሰች አንዲት እህታችን ከአልጋዋ ወርዳ፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ካለው በር ሥር ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ጫማዋን አድርጋለች። ቦርሳዋን ታቅፋለች። "ከመስኮቱ ራቁ፣ ከመስኮቱ ራቁ" ትለናለች። ዝናብ እኮ ነው አልናት። "አውቃለሁ፤ ዝናብ መሆኑን አውቃለሁ" አለች። ግን አልተነሣችም። እስኪነጋ አብረናት ተቀመጥን።

ሲነጋ ቡና አፍልተን ስንነጋገር ከመካከላችን አንዷ ቀና ብላ አየችና "ይሄ ቤት እኮ ኮርኒስ የለውም" አለች። እውነቷን ነው። ቆርቆሮው ራቁቱን ነው። በረዶ ሲዘንብበት ከሥሩ ሆኖ ማውራት እንኳ አይቻልም። ስንከራየው ዋጋውን እንጂ ጣሪያውን አላየንም።

የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው። ሌላም የምጠይቃችሁ ነገር አለ። መጀመሪያ ግን ኮርኒሱ።

ቤቱን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። አራት ክፍልና ስምንት አልጋ ያለው የኪራይ ግቢ ነው። በሰው አገር እያሉ ጦርነት የደረሰባቸውና ነፍሳቸውን ይዘው የተመለሱ ሴቶች ወደ ቤተሰባቸው እስኪሄዱ ያርፉበታል። አንዳንዷ ሳምንት ትቆያለች። አንዳንዷ ሦስት ወር። የምናስተዳድረው የአንድ ሰፈር እድርተኛ ሴቶች ነን። ደመወዝተኛ የለንም። ተራ ገብተን እናድራለን፣ እናበስላለን፣ ቀበሌ እንመላለሳለን።

"አገራቸው ከገቡ በኋላ ማረፊያ ምን ያደርግላቸዋል? ለምን ቀጥ ብለው ወደ ቤታቸው አይሄዱም?" ይሉናል ብዙ ሰዎች። በክፋት አይደለም የሚጠይቁት። መልሱን ከራሴ ልጀምር።

በ1998 ዓ.ም. ቤይሩት ነበርኩ። ሐምሌ 5 ቀን ጦርነቱ ሲጀመር ኮንትራቴ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያው ተመታ። ፎቃችን ከፍ ያለ ስለነበር የሚደበደበው የደቡብ ቤይሩት ሰፈር፣ የዳሂዬ ጭስ ከኩሽና መስኮት ይታየኛል። መዳም ልጆቿን ይዛ ወደ ተራራው ልትወጣ ዕቃ ስትሸክፍ፣ እኔም ልብሴን በፌስታል ቋጠርኩ። አየችኝና "አንቺ ቤቱን ጠብቂ" አለችኝ። ፓስፖርቴ ሚስተር ካዝና ውስጥ ነው። በሩን ከውጭ ቆልፈውት ሄዱ።

ፊት ለፊታችን ባለው ፎቅ ላይ አንዲት የሲሪላንካ ልጅ እንደ እኔው ተቆልፎባታል። የጋራ ቋንቋ የለንም። በረንዳ ለበረንዳ ሆነን በእጃችንና በኩሽና ዐረብኛ ነው የምንግባባው። አንድ ነገር ተስማማን። ጠዋት ጠዋት ነጭ ፎጣ በረንዳው ላይ እንሰቅላለን። ፎጣው ተሰቅሎ ከታየ "አለሁ" ማለት ነው። ዘጠኝ ቀን ሰቀልኩ። ዘጠኝ ቀን ሰቀለች። በዐሥረኛው ቀን ሚስተር መጥቶ ፓስፖርቴን ሰጠኝና በአውቶቡስ ወደ ደማስቆ ከሚሄዱት ጋር ቀላቀለኝ። ፎጣዬን ሳላወርድ ወጣሁ። የእሷን መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከደማስቆ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ገባሁ። ቤተሰቦቼ ሀሙሲት ናቸው። ከዚህ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ያቺን መንገድ ለመሄድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ምን ይዤ ልግባ? እኔን ለመላክ በሬ ተሽጧል። የደላላው ዕዳ ገና አላለቀም። ታናናሾቼ ጫማ ይጠብቃሉ። እኔ የያዝኩት አንድ ፌስታል ነው። መናኸሪያው ድረስ ሄጄ የሀሙሲት መኪና ሲጠራ ሰምቼ የተመለስኩበትን ቀን ቁጥር አላስታውሰውም።

ያተረፈችኝ አክስቴ ናት። አልጋዋን ለቀቀችልኝ። ሁለት ወር ሙሉ "ምን ይዘሽ መጣሽ?" አላለችኝም። "መቼ ትሄጃለሽ?" አላለችኝም። አንድ ቀን ጠዋት ራሴ ተነሥቼ ሄድኩ።

የእኛም ቤት ሥራው ይኸው ነው። የተጻፈ ደንብ የለንም፤ ሁላችንም የምናውቀው ግን አንድ ነገር አለ። ገብታ ያረፈችን ሴት "ምን ይዘሽ መጣሽ?" ብሎ የሚጠይቃት ሰው የለም።

አሁን ቤታችን ካሉት አብዛኞቹ ከሊባኖስ የመጡ ናቸው። መስከረም 13 ቀን 2017 የአየር ድብደባው ሲበረታ በአንድ ቀን ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በዚያን ጊዜ ሊባኖስ ውስጥ ወደ 170 ሺህ የሚጠጉ ስደተኛ ሠራተኞች እንደነበሩ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት (አይ ኦ ኤም) ተናግሮ ነበር። ብዙዎቹ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ የእኛ አገር ልጆች ደግሞ በቁጥር ከፊተኞቹ ናቸው። አሠሪዎቻቸው ሲሸሹ እንደ እኔ የተቆለፈባቸው አሉ። መንገድ ላይ የተጣሉም አሉ። የተፈናቀለው ሕዝብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲጠለል፣ "ይሄ ለሊባኖሳውያን ነው" ተብለው ከደጅ የተመለሱ ብዙ ናቸው። ባሕሩ ዳርቻ ላይ ካርቶን አንጥፈው አደሩ።

ለምን አልወጡም እንዳትሉ። ከፋላ የሚባለው አሠራር የሠራተኛዋን ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ከአሠሪዋ ጋር ያስረዋል። ያለ እሱ ፈቃድ ከቤት ከወጣች ሕገወጥ ትባላለች። ፓስፖርቷ እጇ ላይ የለም። በፓስፖርት ፋንታ ኤምባሲ የሚሰጠውን የመመለሻ ወረቀት፣ ሊሴፓሴ፣ ለማውጣት ሰልፍ አለ፤ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ደግሞ በረራ አቁመዋል። ያን ጊዜ የደረሱላቸው በብዛት እዚያው ያሉ ስደተኞች ናቸው። እኛ ለእኛ በስደት የሚባለው የኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ማኅበር ምግብና ፍራሽ ሲያዳርስ፣ መጠለያ ሲፈልግ ነበር። ያላቸው ትንሽ ነው፤ ትንሿን ተካፈሉ። እኛ በቤታችን፣ በአገራችን ተቀምጠን ከእነሱ ልናንስ አይገባም።

ከሱዳን የመጡትም አሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ውስጥ ሠራዊቱና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ሲታኮሱ፣ ኤምባሲዎች በቀናት ውስጥ ዜጎቻቸውን በአውሮፕላን አወጡ። ዴም ሰፈር ሻይና ቡና የምትሸጥ የጎንደር ልጅ ግን አውሮፕላን የሚልክላት አልነበረም። አንዷ እህታችን መጀመሪያ መዳኒ ወደሚባለው የሱዳን ከተማ ሸሸች። በታኅሣሥ 2016 ጦርነቱ መዳኒም ደረሰባት። ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ጋላባት፣ ከዚያ መተማ። ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመችው ሁሉ መንገድ ላይ ተወሰደ። ቤታችን ስትደርስ እጇ ላይ የቀረው የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ረከቦቷ ብቻ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ቡና የሚፈላው በእሷ ረከቦት ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ የማይነገረውን ልንገራችሁ፤ ይህን ቤት እንድንከፍት ያደረገን እሱ ነውና። ያን ጊዜ በመተማ የገቡት የእኛ ልጆች ብቻ አልነበሩም። ሱዳናውያንም ገብተዋል። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ሰፈራችን አንድ ክፍል ተከራየች። ገና አራት ወር አልሞላትም። በነሐሴ 2015 ከተማችን ውስጥ ተኩስ ተሰማ። እኛ በራችንን ዘግተን ተቀምጠናል። በር ተንኳኳ። ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። በምታውቃት ጥቂት አማርኛ "ከየት ነው? ወዴት ልሂድ?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከካርቱም ሸሽታ የመጣችው እኛ ጋ ነው። እኔ ቤይሩት ላይ ያንን ጥያቄ ስጠይቅ የመለሰልኝ አልነበረም፤ አሁን ደግሞ እኔ ባለቤት ሆኜ እንግዳዬ ትጠይቀኛለች። "ግቢ" አልኳት። ሌላ የምለው ጠፋኝ። ዐሥራ አንድ ሰው በአንድ ክፍል አደርን። ያን ሌሊት ነው የእድራችን ሴቶች ስለ ቤት ማውራት የጀመርነው። እሷ ዛሬም ከእኛ ጋር ናት። ለሴቶቹ ፉል ትሠራለች። ከቤይሩት የመጡት በዐረብኛ ያወሩታል፤ ለእናታቸው የማይነግሩትን ለእሷ ይነግሯታል።

እንግዲህ የሚያስፈልገንን ልናገር።

የቤቱ ኪራይ በወር 18,000 ብር ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ተከፍሏል። አከራያችን ደግ ሰው ናቸው፤ ዋጋ አልጨመሩብንም። ከሐምሌ ጀምሮ ግን የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋሉ፤ ይህም 108,000 ብር ይሆናል። ክረምት ላይ መንገድም ስለሚበላሽ፣ ጸጥታውም አንዳንዴ መንገድ ስለሚዘጋ፣ ወደ ቤተሰቦቻቸው የሚሄዱት ሴቶች ቀናቸው ይገፋል። አልጋው የሚሞላው ያኔ ነው። ስለዚህ ኪራዩ እንዳይቋረጥ እንሰጋለን። በየወሩ መቶም ሁለት መቶም ብር ቆርጣችሁ ብታግዙን፣ አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ ይጠቅመናል። ወሩን አስበን መኖር እንችላለንና።

ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንፈልጋለን። ያለን አንድ ነው፤ እሱም ተቃጥሎ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል። ምጣዱ ለምግብ ብቻ አይደለም። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ማስረከብ የጀመረች አንዲት እህት አለች። የመጀመሪያዋን ሦስት መቶ ብር ስታገኝ ግማሹን ካርድ ሞላችበትና እናቷ ጋ ደወለች። ከተመለሰች ሁለት ወር ሆኗት ነበር። እናቷ ግን ገና ቤይሩት ያለች ይመስላቸው ነበር።

የትራንስፖርት ገንዘብ ሁልጊዜ ያጥረናል። ሊሴፓሴ ብቻ ይዛ የመጣች ሴት ሲም ካርድ ለማውጣት፣ የባንክ ደብተር ለመክፈት መታወቂያ ትጠየቃለች። መታወቂያ ለማውጣት ከተወለደችበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋታል። እዚያ ደግሞ ገና አልደረሰችም። ስለዚህ ከእኛ አንዷ አብራት ትሄዳለች፣ ትመጣለች። ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ለመድረስ ባጃጅ ኮንትራት መያዝ አለብን፤ ተጨናንቆ በሚሄድ መኪና ውስጥ መቀመጥ የማይችሉ አሉ። ባጃጅ ያላችሁ ወንድሞች በሳምንት አንድ ቀን ብትመድቡልን ከገንዘብ አትለዩትም።

ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ሴቶች ፊርማ በሚንቀሳቀስ የጋራ ሒሳብ ነው። አንዷ ብቻዋን ማውጣት አትችልም። የሒሳብ ቁጥሩን በእድሩ ስብሰባ ላይ ወይም ቤቱ ድረስ መጥታችሁ ውሰዱ። በየወሩ የገባውና የወጣው ከነደረሰኙ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ውጭ አገር ላላችሁት በዘመዶቻችሁ በኩል እንልካለን።

አንድ ነገር ግን አትጠይቁን። "የሴቶቹን ፎቶ ላኩልን፣ ለሰው እናሳይበት" የሚሉን ደጋጎች አሉ። አንልክም። ብዙዎቹ ዕዳ አለባቸው፣ እጮኛ ያላቸው አሉ፣ መመለሳቸውን ለማንም ያልተናገሩ አሉ። ፊታቸውን ሸጠን ፍራሽ አንገዛም። ማየት የምትፈልጉ ቤቱን ኑና እዩ፤ ቡና አለ።

ወደ ኮርኒሱ ልመለስ። ሞራሌውና ሚስማሩ ተገዝቷል። አንድ የሰፈራችን አናጢ የእጅ ዋጋ አልፈልግም ብሏል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ቺፕውዱ ግን የደረሰን ለሁለት ክፍል ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ሴቶቹ የሚተኙባቸው ናቸው። አናጢው እንደሚለው ከቺፕውዱ በላይ ስፖንጅ ወይም አሮጌ ምንጣፍ ቢነጠፍ የበረዶውን ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ አትጣሉ። የተቀደደም ይሁን፣ ቀለሙ የለቀቀም ይሁን፣ ንጹሕና ደረቅ ከሆነ ይበቃናል።

ሥራው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይጀመራል። መሰላል ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ያለችን አንዷ መሰላል ጣሪያው ላይ አትደርስም።