ለእማዬ፣ አባባ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ?

አባባ ለፕሮስቴት ኦፕራሲዮኑ ሲገባ አስታማሚው አንቺ ነሽ። ስለ ቀዶ ጥገናው ሐኪሞቹ ያስቡ። እኔ የምጽፍልሽ ከዚያ በኋላ አልጋው አጠገብ ስለሚሆነው ነው። በቁስሉም በሽንት ቱቦውም ኢንፌክሽን እንዳይገባበት ቀን ከሌት የምትጠብቂው አንቺ ነሽና።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባለው ማታ ወይም በዕለቱ ጠዋት ገላውን በሳሙና ይታጠብ። ሆዱንና ብሽሽቱን ግን ቤት ውስጥ በምላጭ እንዳትላጩት። ምላጭ ለዓይን የማይታይ ጭረት ይተዋል፤ ባክቴሪያም እዚያ ውስጥ ይራባል። ፀጉሩ መነሳት ካለበት እነሱ በመቁረጫ ማሽን ያነሱታል።

ስለ እጅሽ በደንብ ስሚኝ። በሳሙናና በውሃ ስትታጠቢ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጅ። ሳኒታይዘር ከሆነ መዳፍሽ ላይ ሞላ አድርገሽ ጨምሪና እስኪደርቅ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ አፋትጊ። ብዙ ሰው መዳፉን ብቻ ያሽና ይተወዋል፤ አውራ ጣት፣ የጣት ጫፍና የጣቶች መሐል ይረሳሉ። ሕመምተኛውን የሚነኩት ደግሞ እነሱው ናቸው። እጅሽ ላይ ደም፣ ሽንት ወይም የሚታይ እድፍ ካለ፣ ከሽንት ቤትም ከወጣሽ፣ አልኮል አይበቃም፤ ሳሙናና ውሃ ነው። ደግሞ አደራ፣ ታጥበሽ በነጠላሽ ጫፍ አታድርቂው። ነጠላው ስንት አልጋና ወንበር ሲነካ ነው የሚውለው፤ ሶፍት ያዢ።

መታጠቡ አባባን ከመንካትሽ በፊት፣ ምግቡን ከማቅረብሽ በፊት፣ ፖፖውን ወይም የሽንት ከረጢቱን ከነካሽ በኋላ ነው። የጎረቤት አልጋውን ሕመምተኛ ረድተሽ ወደ አባባ ስትመለሽም እንደዚሁ። ይህችን የመጨረሻዋን አጥብቄ የምልሽ ጠባይሽን ስለማውቅ ነው፤ አስታማሚ የሌለው ሰው አጠገብሽ ተኝቶ ዝም ብለሽ አታልፊም። እርጂው፤ በመሐል ግን እጅሽን ታጠቢ። ጓንት ካደረግሽም ለአንዱ ያደረግሽውን ለሌላው እንዳትደግሚ፣ የአንዱን ተህዋስ ለሌላው ያደርሳል።

አሁን ወደ ካቴተሩ፣ ማለት ወደ ሽንት ቱቦው ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያሰጋኝ እሱ ነው። ቱቦው ፊኛ ውስጥ በቆየ በእያንዳንዱ ቀን ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ የመግባቱ ዕድል ከ100 ከ3 እስከ 7 ይደርሳል። ለአባባ ቁስሉ እስኪድን ያስፈልገዋልና አውጡልኝ አትበያቸው፤ ነገር ግን በየቀኑ “የሚወጣው መቼ ነው?” ብለሽ ጠይቂ፣ ቀኑ እንዳይረሳ። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ብሎ አልጋው ብረት ላይ ይንጠልጠል፤ ወለል ግን አይንካ። በቃሬዛ ሲወስዱት ከረጢቱን ሆዱ ላይ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ያን ጊዜ የቆየው ሽንት ተመልሶ ፊኛ ይገባል። እንዳይፈቀድላቸው። ከረጢቱ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ይደፋ፤ የመድፊያው አፍ ሽንቱ የሚደፋበትን ዕቃ አይንካ፤ ዕቃውም የአባባ ብቻ ይሁን፣ ከሌላ ሕመምተኛ አትቀበዪ፣ ለሌላም አትስጪ። ቱቦውንና ከረጢቱን ከመጋጠሚያው ፈጽሞ አትፍቺው። ሽንቱ መውረድ ካቆመ ቱቦው ታጥፎ ወይም አባባ ተኝቶበት እንደሆነ እይ፤ ካልሆነ ነርስ ወዲያው ጥሪ። መጀመሪያ ላይ ደም መስሎ ስለሚወርድ አትደንግጪ፤ ፊኛውን በፈሳሽ ሲያጥቡለትም ያን የሚነካው ነርስ ብቻ ነው። ቱቦው የሚገባበትን ቦታ በቀን አንዴ በሳሙናና በውሃ ማጠብ በቂ ነው።

የቁስሉን ፋሻ “ይተንፍስ” ብለሽ እንዳትገልጪው። ፀበል ይዘው የሚመጡ ይኖራሉ፤ ፊቱን ይረጩት፣ እምነቱንም ግንባሩን ይቀቡት፤ ቁስሉ ላይ ግን አይደርስም። አፈር ያለበት ነገር ቁስል ላይ ሲያርፍ ቴታነስ ሊያመጣ ይችላል። ፀበሉን እንዲጠጣም ሐኪሙ ይፍቀድ መጀመሪያ። ጠያቂዎቹ አልጋው ላይ አይቀመጡ፣ አይሳሙትም። ጉንፋን ወይም ሳል ያለበት በስልክ ይጠይቀው። ቅር የሚለው ካለ “ልጆቹ ከለከሉን” በይ፣ በእኛ ይሁን።

አሁን የሚከብድሽን ልንገርሽ። ነርሷ ወይም ሐኪሙ ከሌላ አልጋ መጥቶ እጁን ሳያጸዳ አባባን ሊነካ ሲል አስቁሚው። ይሉኝታ እንደሚይዝሽ አውቃለሁ። ግን ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ውሃ ይዘን እናስታጥባለን፤ ማንም ተሰደብኩ አይልም። ትንሿን ሳኒታይዘር አልጋው ጠረጴዛ ላይ አኑሪና “ዶክተር፣ እጅዎን ላስታጥብዎት?” በይው። በቪየና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 ዜምልቫይስ የተባለ ሐኪም ባልደረቦቹን እጃቸውን በክሎሪን ውሃ አስታጠባቸው፤ እነሱ አስከሬን መርምረው በዚያው እጅ ያዋልዱ ነበር። በኤፕሪል ከ100 ወላዶች 18 ያህል ይሞቱ የነበረው በጁን ወደ 2 ወረደ። የተማረ እጅም ይቆሽሻል።

ግሉኮስ የተሰካበት ቦታ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ካመመው እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ። አፉንም በመፋቂያም ቢሆን ጠዋት ማታ ያጽዳ፤ ከተፈቀደለት ቀን ጀምሮ ይቀመጥ፣ ይራመድ። ተኝቶ የሚውል ሳንባ ቶሎ ይታመማል።

ቤት ስትመለሱ የፈሰሰ ደም ወይም ሽንት ካለ ጓንት አድርገሽ መጀመሪያ በጨርቅ አንሺ፣ በሳሙና እጠቢ፣ በውሃ አለቅልቂ። ከዚያ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ በሚል በረኪና፣ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ፣ አርሰሽ 10 ደቂቃ ተይው። በረኪናና ሌላ ማጽጃ አንድ ላይ አትቀላቅዪ፤ ቅልቅሉንም በየቀኑ አዲስ አድርጊ። ሐኪም ያላዘዘውን አሞክሳሲሊን ለመጠባበቂያ ብለሽ አትግዢ።

የቁስል ኢንፌክሽን እስከ 30 ቀን ድረስ ሊወጣ ይችላል። ከቀን ወደ ቀን እየቀላና እየሞቀ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ከተከፈተ፣ ወይም ብርድ ብርድ ካለው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታሉ ውሰጂው። ከፋርማሲ ቴርሞሜትር ግዢ፤ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ነገ አትበይ። ማታ ማታ እየደወልኩ ስንት እንደሆነ እጠይቅሻለሁ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊልኝ።

ልጅሽ