ሐረርን «የተከለከለች ከተማ» አትበሉብን

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣

ስለ ሐረር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ግን ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን ሐረር፣ «ለባዕድ የተከለከለች ከተማ» ብላችሁ ጀምራችሁ እዚያው ላይ መጨረሳችሁ አሳዘነኝ።

ይህን ወሬ ለዓለም ያደረሰው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ገባ፣ የከተማዋ ገዢ አሚር አሕመድ ፊት ቀረበ፣ ከአሚሩ ቤት በሚላክለት ምግብ አሥር ቀን ያህል ተቀምጦ በሰላም ወጣ። ከተማዋ ባዕድ መፍራቷ እውነት ነው። በሮቹ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር፣ ገጠሬውም ጦሩን በር ላይ ትቶ ነበር የሚገባው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንቡን ያሠሩት አገሩ በጦርነትና በረሃብ በተጎዳበት ጊዜ ነው። ማን ይፈርድባቸዋል?

ግን እስቲ በሮቹን ራሳቸውን እዩአቸው። አንዱ አርጎብ በሪ ነው፣ በጎረቤቶቹ በአርጎባዎች ስም። ሌላውን ሐረሪዎች አስመዲን በሪ ይሉታል፣ አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር፣ ኦሮሞው ደግሞ በሀማሬሳ ስም ይጠራዋል፣ ዐረብኛም ስም አለው። ሰው የማያስገባ በር ይህን ሁሉ ስም ከየት ያመጣል? ጅቡ እንኳ ሌሊት ገብቶ ትርፍራፊውን የሚለቅምበት ቀዳዳ ግንቡ ላይ ተትቶለታል። ሐረሪዎች እንደ አባት የሚያከብሯቸው አው አባድርም ቢሆኑ፣ ሲነገር እንደኖረው፣ ከዐረብ አገር የመጡ እንግዳ ናቸው።

ከባዱ መግባቱ ሳይሆን የከተማዋ ሰው መሆኑ ነበር። ሐረሪ ራሱን «ጌይ ኡሱእ» ይላል፣ የከተማ ሰው ማለት ነው። ቋንቋውም «ጌይ ሲናን»፣ የከተማ ቋንቋ። ቋንቋውን ተናግሮ፣ ተጋብቶ፣ ለሠርግና ለሐዘን አፎቻ፣ እንደ እድር ያለውን መረዳጃ፣ ገብቶ የኖረ ሰው ልጆቹ የከተማው ልጆች ይሆኑ ነበር። አንድ ትውልድ ላይበቃ ይችላል፣ ግን መንገዱ ነበረ።

አያቴ ከመንዝ ነው የመጣችው፣ ከወታደር ባሏ ጋር። ጎረቤቷ የነበሩት ሐረሪ እናት ስፌት አስተማሯት። አክርማውን ውሃ ነክረው፣ ጣቷን ይዘው፣ አንድ ዙር ሲበላሽ እየፈቱ። ጌይ ሲናንን የለመደችው እዚያው መደብ ላይ ነው። እኒያ ሴትዮ ሲሞቱ አያቴ ከልጆቻቸው እኩል ነበር ያዘነችው፣ ቤት ሙሉ ሰው እያየ።

ይህን ስል ቁስሉን ልሸፍን አይደለም። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1887 ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ከተማዋን ሲይዙ፣ ከውጭ የመጣው ገዢ ሆነ፣ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ እንግዳ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ያለው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የቆመው መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። የእኔ ቤተሰብ የመጣው በዚያ መንገድ ነው፣ እናም እኒያ እናት ለአያቴ በራቸውን መክፈት ግዴታ አልነበረባቸውም። የእናንተ ጽሑፍ ከበርተን ዘሎ ወደ ጅብ ትርኢት ሲሄድ ይህን ሁሉ ረግጦ አለፈ።

ዘጋቢያችሁ ደግሞ ሲመጣ ጠዋት ሸዋ በር ይቁምልኝ። ከገጠር አትክልት ተሸክመው የሚገቡት እናቶች ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለአንዱ በጌይ ሲናን፣ ለእኔ ቢጤው በአማርኛ ዋጋ ይነግሩታል። እነሱን ያነጋግርና ይጻፍ።

ከሐረር፣ አንባቢያችሁ