እጁን ተወው፣ ክንዱን ያዝ

ባሕር ዳር፣ ግንቦት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአዲሱ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጅህ ማኅደር ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናቴ ጉልበቷ ደከም ብሏል እንጂ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ስታማትብ ያንተን ስም ሳታነሣ አትቀመጥም።

እኅትህ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ድረስ መጥታ የላክህልኝን የጉዞ መረጃ ወረቀት ሰጠችኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከግርጌው ላይ «አንተ የውኃ ሰው ነህ፤ ከማኅደር ጋር አንታርክቲካ ልንሄድ ነው፤ ካያክ እንመዝገብ ወይስ ይቅርብን?» ብለህ የጻፍካትን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክህን ሳላነሣ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬም የምታማክረው እኔን መሆኔ ከበደኝ።

ስለዚህ ስለ ጉዞው ከመጻፌ በፊት ያፈንኩትን ልንገርህ። በ2010 ዓ.ም. በላክኸው ገንዘብ የገዛነውን የጀልባ ሞተር ሸጬዋለሁ። መጀመሪያ በኮሮና፣ ከዚያም በጦርነቱ እንግዳ ጠፋ። ጀልባዋ ወደብ ላይ ታስራ ቀለሟ እየተላጠ፣ እኔም ዛሬ ነገ ስል፣ በመጨረሻ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያና የእናቴ መድኃኒት አንድ ወር ላይ ተገናኙብኝ። አማክሬህ ብሸጠው ኖሮ «ሽጠው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ሳልነግርህ መሸጤ ነው ያሳፈረኝ፤ ኀፍረቱ ሲቆይ ደግሞ ስልክ ማንሣትም አቃተኝ። ይቅር በለኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ታንኳ ተመልሻለሁ። አንድ የወይጦ ሽማግሌ ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ሠሩልኝ። ንጋት ላይ ነፋሱ ሳይነሣ መረብ ለማየት እወጣለሁ። በሞተር ስሄድ ለዓመታት ያላየሁትን ውኃ አሁን ነው የማየው። እና ስለ ካያክ፣ በመቅዘፊያ ስለምትነዳው ጠባብ ጀልባ፣ ስትጠይቀኝ የምመልስልህ በየማለዳው የሚቀዝፍ ሰው ሆኜ ነው። ወረቀቱ ላይ ያልገባኝን ደግሞ ከዓመታት በፊት ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያደረስኩትን አንድ እንግዳ በኢሜይል ጠየቅኩ። ሰውየው በዋልታ መርከቦች ላይ አስጎብኚ ነበር፤ አንዱንም ጥያቄ ሳያልፍ መለሰልኝ።

በመጀመሪያ የአልጋውንና የምግቡን ነገር ተወውና መርከቡ ስንት መንገደኛ እንደሚጭን ጠይቅ። አስጎብኚ ድርጅቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ያቋቋሙት ማኅበር አለ፤ በደንቡ መሠረት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ መንገደኛ የብስ ላይ አይገኝም። ከ500 በላይ የጫነ መርከብ ጨርሶ ሰው አያወርድም። 200 ከጫነ ግማሹ ሲወርድ ግማሹ በጎማ ጀልባ እየዞረ ተራውን ይጠብቃል። 110 ጭኖ 12ቱ ካያክ ላይ ከሆኑ ግን የቀረው ሁሉ አብሮ መውረድ ይችላል። በወረቀቱ ላይ ካሉት ሁለት መርከቦች ትልቁ በዋጋ ይሻላል፤ እኔ ብሆን ትንሹን እመርጣለሁ።

ቀኑንም ቁጠረው። በአርጀንቲና ደቡብ ጫፍ ካለችው ከኡሹዋያ ወደብ ተነሥቶ፣ በደቡብ አሜሪካና በአንታርክቲካ መካከል ያለውን ባሕር፣ የድሬክን መተላለፊያ፣ ለማቋረጥ ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል፤ ለመመለስም እንደዚያው። ስለዚህ 10 ቀን የተባለው ጉዞ በረዶው ዘንድ የምትቆይበት አምስት ቀን ያህል ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ ከመርከብ ትወጣላችሁ፤ ከዚህም ላይ ነፋስና በረዶ የድርሻቸውን ይወስዳሉ። ጎርጎራ ስንሄድ ገና ደቅ ደሴት ሳንደርስ የሆነብህን አልረሳሁም። የማዕበል ሕመም መድኃኒት ሆድ ከታወከ በኋላ ብዙም አይረዳም፤ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ውሰዱት።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልግባ። ከመርከቡ ወደ ዳር የሚያደርሷችሁ ዞዲያክ የሚሏት በአየር የተነፋች የጎማ ጀልባ ናት፤ 10 ሰው ያህል ጎኗ ላይ ተቀምጦ ይሄድባታል። ከመርከቡ መሰላል ወደ እሷ ስትረግጡ ከመርከበኛው ጋር የምትጨባበጡት በእጅ አይደለም፤ አንተ የሱን ክንድ ከእጅ አንጓው በላይ ትይዛለህ፣ እሱም ያንተን። ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ቆየሁ። አንድ ዓመት ዘጌ ወደብ ላይ አንዲት አሮጊት እንግዳ ሳወርድ እጃቸውን ያዝኩ፤ መዳፋቸው ላይ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነበር። ጀልባዋ በማዕበሉ ከፍ ስትል ጣታቸው ከጣቴ ውስጥ ሙልጭ ብሎ ወጣና በጉልበታቸው ድንጋዩ ላይ ወደቁ። ደም እየፈሰሳቸው «ምንም አልሆንኩም» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክንድ እንጂ እጅ ይዤ አላውቅም። ሁለታችሁም ኩሽና ውስጥ ከወንበር ላይ እየወረዳችሁ ተለማመዱት። ሁለቱም እጃችሁ ነጻ ይሁን፤ ካሜራው በጀርባ ቦርሳ ይግባ፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያነሣት ጠብቁ እንጂ ስትወርድ አትርገጡ።

ወደ ካያኩ ልምጣ። ካያክ ላይ እንደ ታንኳ ከውኃው እኩል ነው የምትቀመጠው። በትልቅ ጀልባ ውኃውን ከላይ ወደ ታች ታየዋለህ፤ በታንኳ ግን ዓይንህ ከማዕበሉ ጫፍ ጋር ነው፤ ፔሊካን ሲያልፍ የክንፉን ድምፅ ትሰማለህ። ትናንት ጠዋት መቅዘፊያዬን ጭኔ ላይ አጋድሜ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ከቀርቀሃው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውኃ ሐይቁ ላይ ቀለበት ይሠራል፤ አንዱ ቀለበት ሳይጠፋ ሌላው ይወድቃል። ከዚያ ውጭ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ማኅደር እንዲህ ያለውን ጸጥታ በረዶ መካከል ሆና ብትሰማ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። ስለዚህ መልሴ «ተመዝገቡ» ነው።

ግን ሙሉውን ፕሮግራም አትግዙ። ሙሉው የገባ ሰው አየሩ በፈቀደ ቁጥር ካያክ ላይ ነው፤ የብስ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቀርበታል። ልጅቷ ደግሞ ፔንግዊን ለማየት ነው የምትጓጓው። ትንሹ መርከብ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ምዝገባ አለው፤ እሱን ያዙ። ከመክፈልህ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ አስመልሳቸው፤ በነፋስ ምክንያት ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ቦታው ከመርከቡ ላይ በዕጣ ነው ወይስ አሁኑኑ ይያዛል? ቦታው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

የሁለት ሰው ካያክ ይሰጧችኋል። ማኅደርን ከፊት አስቀምጣት፤ መሪው በእግር የሚነዳው ከኋላ ነውና አንተ ኋላ ሁን። የፊተኛው ምቱን ያወጣል፣ የኋለኛው ይከተላል። አንተ ጉልበተኛ ስለሆንክ መቅደም ያምርሃል፤ ልጅ ሆነን አንዲት ታንኳ ላይ ስንወጣ መቅዘፊያችን እየተጋጨ እንዴት እንደምንጣላ ታስታውሳለህ። ዘንድሮ የእሷን ትከሻ እያየህ ቅዘፍ፤ ትከሻዋ ሲዞር አንተም ዙር።

አንድ ነገር ግን በብርቱ እለምንሃለሁ። ጣና ላይ ብትገለበጥ ዋኝተህ ትወጣለህ። ያ ባሕር ጨው ስላለበት ዜሮ ዲግሪ ላይ እንኳ አይረጋም፤ እስከ 1.8 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ውኃ ሆኖ ይቆያል። እንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ መከላከያ ልብስ ከሌለው በ10 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ጣቶቹ አይታዘዙትም። ለዚህ ነው አንገቱና እጅ አንጓው በላስቲክ የተዘጋ፣ ውኃ የማያስገባ ልብስ የሚያለብሷችሁ፤ አንዲት የጎማ ጀልባም አጠገባችሁ ትሆናለች። ልብሱ ውኃውን ይከለክላል እንጂ አያሞቅም፤ ሙቀቱ ከውስጥ ከምትለብሱት ሱፍ ነው። ጥጥ አትልበሱ፤ ጋቢ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። በዚህ በጋችሁ ደግሞ እናንተ ጋ ካለው ሐይቅ ቢያንስ ሦስት ቀን ካያክ ተከራዩና ከአሠልጣኝ ጋር ተለማመዱ፤ ሆን ብላችሁ ተገልብጣችሁ ከውስጡ መውጣትንም ጨምራችሁ። ማኅደር ይህን ሳታደርግ ብትሄድ እኔ እዚህ እንቅልፍ የለኝም።

የበረዶ ተራራ ሲያምርባችሁ አትጠጉ። ከውኃ በላይ የሚታየው ከአሥር አንድ እጅ ያህሉ ነው፤ ከሥሩ እየቀለጠ ሚዛኑን ሲስት ሳያስጠነቅቅ ይገለበጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጉማሬ ያለበትን ቦታ አርቀን እንደምንዞረው ዙሩት። ኔኮ ሃርበር በተባለው ቦታ ከወረዳችሁ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው ግግር በረዶ ሲናድ ማዕበሉ ዳርቻውን ይመታዋልና ውኃው ጠርዝ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አትነሡ። ዓሣ ነባሪ ከመጣ መቅዘፍ አቁሙና አስጎብኚው የሚለውን ጠብቁ፤ እናንተ ወደ እሱ አትሂዱ። ከፔንግዊን ቢያንስ አምስት ሜትር ይራቃል፤ በረዶው ላይ ረግጠው ያወጡት መንገድ አላቸው፣ እሱን አትዝጉባቸው።

ከወረቀቱ ሁሉ ልቤን የነካው ግን ስለ ጫማ የሚለው ገጽ ነው። ከመውረዳችሁ በፊት የጃኬቱን ኪስ፣ የቦርሳውን ስፌት፣ የሚጣበቀውን ማሰሪያ ሁሉ በአቧራ መሳቢያ ያስጸዷችኋል፤ ቦቲውን በወረዳችሁና በተመለሳችሁ ቁጥር ታጥባላችሁ። ብዙ መንገደኛ ይህን እንደ ጣጣ ያየዋል አለኝ ወዳጄ። አንተ ግን የጣና ልጅ ነህ። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ላይ ታየ ሲባል ሐምራዊ አበባውን አይተን «ያምራል» ብለን ነበር። ከዚያ ገበሬው ከነልጆቹ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ቆይቶ ሲበቅል፣ መረባችን በሥሩ ሲተበተብ አየን። እዚያም ኪንግ ጆርጅ ደሴት ላይ አንድ የምርምር ጣቢያ አጠገብ ከውጭ የመጣ ሣር በቅሏል። የአገሩ የሆኑ አበባ የሚያወጡ ተክሎች በመላው አህጉር ሁለት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለማኅደር የጫማዋን ሶል በመርፌ ጫፍ እየፈለፈልክ አሳያት፤ ለምን እንደሆነም የእኛን ሐይቅ ታሪክ ንገራት። በወፎች በሽታ ምክንያት መሬቱ ላይ መቀመጥ፣ መንበርከክና ቦርሳ ማስቀመጥም ተከልክሏል።

ዕለቱን በፈረንጆቹ ጥር አጋማሽ አድርገኸዋል፤ ጫጩቶቹ የሚታዩበት ጊዜ ነው፣ ጥሩ መርጠሃል። ጥምቀትን እዚያ መዋላችሁ ነው፤ እኛ እዚህ ታቦቱን ስናጅብ አስባችኋለሁ። የየቀኑን መርሐ ግብር ግን እንደ አውቶቡስ ሰዓት አትያዘው። መቼና የት እንደምትወርዱ የሚወስኑት ካፒቴኑና የጉዞው መሪ በረዶውን አይተው ነው። «ዛሬ ካያክ የለም» ሲሉህ አትከራከር። ስንት ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ እንግዳ «ከፍያለሁ፣ ውሰደኝ» ብሎ እንደተቆጣኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለ ሞተሩ ገንዘብ የምታስበውን በግልጽ ጻፍልኝ፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ልመልስ አስቤያለሁ። ማኅደር አንድ ቀን እዚህ ስትመጣ ደግሞ ታንኳዋ ለሁለት ሰው ትበቃለች።

ፖርት ሎክሮይ የሚባለው፣ እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 የሠሩት የድሮ ጣቢያ፣ ፖስታ ቤት እንዳለው ወረቀቱ ላይ አየሁ። በረዶው ካስገባችሁ በማኅደር እጅ አንዲት ካርድ አጽፍልኝ። የፖስታ ሣጥን ቁጥሬ የድሮው ነው፣ አልተቀየረም።

ወንድምህ፣
ያየህ