የመለማመጃ ክፍሉ ቅዳሜና እሁድ ይከፈትልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴ ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ። ለደረጃ 4 የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና የሚዘጋጁ የሰፈር ልጆች ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ሁሉም የያዙት ፎቶ ኮፒ የተደረገ የድሮ ጥያቄ ነው። ምዘናው ግን ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ የተግባርም አለው። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

አንድ ሺህ ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ይሰጥ ቢባል፣ ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይሆናል። ልጆቹ ይህን ወረቀት ላይ በደንብ ይሠሩታል። ሰዓት እያዩ ጠብታውን አስተካክሉ ሲባሉ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ትንፋሽ ሊቆጥሩ ሲሉም ለታካሚው ቀድመው ይነግሩታል። ሰው እየተቆጠረበት መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይቀየራል። የልብ ምቱን ከለኩ በኋላ እጁን ሳይለቁ፣ ደረቱን እያዩ መቁጠር ነው። ጓንት አድርጌያለሁ ብሎ እጅ መታጠብን መዝለልማ ጭራሽ የሚያስፈራ ነገር ነው። ከፈተናው ማግስት እኮ የሚጠብቃቸው እውነተኛ በሽተኛ ነው!

ይህ በንባብ ብቻ አይመጣም። በደሴም በኮምቦልቻም ያሉ የጤና ኮሌጆች የመለማመጃ ክፍላቸውን ቅዳሜና እሁድ ለተመራቂዎችም ቢከፍቱ ትልቅ ውለታ ነው። በተለይ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለሚመጣ ሥራ ፈላጊ የትራንስፖርቱ ወጪ ቀላል አይደለምና፣ እዚያው ቢለማመድ ይሻላል። የሚያሠለጥን ሰው ካስፈለገ እኔ ተረኛ ባልሆንኩበት ቀን በነፃ እመጣለሁ። የሥራ ባልደረቦቼንም አስተባብራለሁ።

አንድ ነርስ፣ ከደሴ